የሞተር አየር አገባብና የነዳጅ ቁጠባ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ወደ ሞተር የሚገባው አየር በተሻለ ሁኔታ እንዲፈስ ማድረግ ነዳጅ ይቆጥባል ወይ ለሚለው ጥያቄ ለሁሉም ሞተር የሚሠራ አንድ መልስ የለም። መልሱ ሞተሩ በቤንዚን ወይም በናፍጣ የሚሠራ፣ ነዳጁን በአየር ግፊት ልዩነት የሚስብ ካርቡሬተር ወይም በኮምፒውተር ትእዛዝ የሚረጭ ኢንጀክሽን ያለው፣ አየሩን ጨምቆ የሚያስገባ ቱርቦ የተገጠመለት ወይም ያልተገጠመለት እንደመሆኑ ይለያያል። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች ይህንን ልዩነት ጠብቀው የተጻፉ ስለሆኑ፣ አንባቢው የራሱን ሞተር ዓይነት አስቀድሞ ቢያውቅ ገንዘቡን የት ማውጣት እንዳለበትና የት ማውጣት እንደሌለበት በቀላሉ ይለያል።

አንድ ሞተር ምን ያህል አየር ይጠቀማል?

ብዙ ሰው ከሚገምተው እጅግ የበለጠ ነው። አንድ ኪሎ ግራም ቤንዚን በተሟላ ሁኔታ እንዲቃጠል 14.7 ኪሎ ግራም ያህል አየር ያስፈልገዋል፤ የናፍጣውም ከዚህ ብዙ አይርቅም፣ 14.5 አካባቢ ነው። የአንድ ሊትር ቤንዚን ክብደት ሦስት አራተኛ ኪሎ ግራም ገደማ ስለሆነ፣ እያንዳንዱ ሊትር 11 ኪሎ ግራም፣ በይዘት ሲለካም ወደ 9,000 ሊትር የሚጠጋ አየር ይፈልጋል ማለት ነው። ይህ ሁሉ አየር በማጣሪያው፣ በቱቦው፣ አየሩን ለየሲሊንደሩ በሚያከፋፍለው ማኒፎልድና በቫልቮቹ በኩል ያልፋል።

ብዙ አየር ከገባ ሞተሩ ያነሰ ነዳጅ ይጠቀማል?

በቤንዚን ሞተር ላይ እንዲህ አይሆንም። በዚህ ጉዳይ ከሚነሱት የተሳሳቱ ግንዛቤዎች ሁሉ ሥር የሰደደው ይህ በመሆኑ ዘርዘር አድርጎ ማየት ያስፈልጋል።

የቤንዚን ሞተር ጉልበቱን የሚቆጣጠረው የሚገባውን አየር በመገደብ ነው። አሽከርካሪው ነዳጅ መስጫ ብሎ የሚጠራው ፔዳል የሚያዘው ነዳጁን ሳይሆን ትሮትል የሚባለውን የአየር ክዳን ነው። ክዳኑ ሲከፈት አየር ይገባል፤ የሞተሩ ኮምፒውተርም የገባውን አየር ለክቶ ለዚያ የሚመጥነውን ነዳጅ በኢንጀክተሮቹ በኩል ያስረጫል። አየሩ በጨመረ ቁጥር ነዳጁም አብሮ ስለሚጨምር ውጤቱ ተጨማሪ ጉልበት እንጂ ቁጠባ አይደለም።

ከዚህም በላይ፣ መኪና በደልዳላ መንገድ በመካከለኛ ፍጥነት ሲጓዝ ክዳኑ የሚከፈተው በከፊል ብቻ ነው። በዚህ ጊዜ በማኒፎልዱ ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው በእጅጉ ያነሰ ነው፤ መኪናው ቆሞ ሞተሩ ሲሠራ፣ የውጭው ግፊት 100 ኪሎ ፓስካል ከሆነ የማኒፎልዱ ከ30 እስከ 40 ኪሎ ፓስካል አካባቢ ይወርዳል። ፒስተኖቹ ይህንን ዝቅተኛ ግፊት ተቋቁመው አየር ለመሳብ የሚያወጡት ጉልበት ከነዳጁ ላይ የሚቀነስ ኪሳራ ነው። ከክዳኑ በፊት ያለውን መንገድ፣ ማጣሪያውንም ሆነ ቱቦውን፣ ምንም ያህል ብናሰፋው ይህ ኪሳራ አይወገድም፤ አየሩን ሆን ብሎ የሚያንቀው ክዳኑ ነውና። መንገዱ ሲሰፋ አሽከርካሪው ያንኑ ፍጥነት ለመጠበቅ ክዳኑን በጥቂቱ ይዘጋዋል፤ መንገዱ ሲጠብ ደግሞ በጥቂቱ ይከፍተዋል። ወደ ሲሊንደሩ የሚደርሰው አየር በሁለቱም ጊዜ ያው ነው።

ሰፊ የአየር መንገድ ጥቅሙ የሚታየው ክዳኑ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት፣ ማለትም አሽከርካሪው ፔዳሉን እስከ መጨረሻው ሲረግጥ ነው። እንዲህ የሚነዳ ሰው ደግሞ በዚያች ሰዓት ነዳጅ እየቆጠበ አይደለም።

ታዲያ የቆሸሸ የአየር ማጣሪያ በኢንጀክሽን ቤንዚን መኪና ላይ ነዳጅ አያስበላም?

በሚታይ መጠን አያስበላም። በአሜሪካ የሚገኘው የኦክ ሪጅ ብሔራዊ ቤተ ሙከራ እ.ኤ.አ. በ2009 ይፋ ባደረገው ጥናት፣ ኮምፒውተር በሚቆጣጠራቸው የኢንጀክሽን ቤንዚን ሞተሮች ላይ ማጣሪያው ሲደፈን የነዳጅ ፍጆታው ብዙም እንዳልተለወጠ፣ የተጎዳው ግን መኪናው ፍጥነት ለመጨመር ያለው አቅም መሆኑን አሳይቷል። ምክንያቱ ከላይ የተገለጸው ነው፤ ኮምፒውተሩ ወደ ውስጥ የገባውን አየር ስለሚለካ፣ አየሩ ሲያንስ ነዳጁንም ይቀንሳል።

ይህ ማለት ማጣሪያውን መቀየር አያስፈልግም ማለት አይደለም። ከልክ በላይ የተደፈነ ማጣሪያ በመምጠጥ ብዛት ሊጣመም ወይም ሊቀደድ ይችላል፤ ያን ጊዜ ያልተጣራ አቧራ በቀጥታ ወደ ሲሊንደር ይገባል። ማጣሪያ የሚቀየረው በዋናነት ለሞተሩ ዕድሜ ሲባል ነው።

ካርቡሬተር ላለው መኪናስ?

እዚህ ላይ ነገሩ ይለወጣል። ካርቡሬተር አየሩን የሚለካ ሴንሰር የለውም፤ ነዳጁ የሚሳበው በአየር ግፊት ልዩነት ብቻ ነው። በውስጡ ያለው ትንሽ የነዳጅ ማጠራቀሚያ ገንዳ በቀጥታ ከውጭ አየር የሚተነፍስ ካርቡሬተር ከሆነ፣ ማጣሪያው ሲደፈን በካርቡሬተሩ አንገት ላይ ያለው ግፊት ከገንዳው ግፊት የበለጠ ይርቃል፤ በዚህ የተነሳ ከሚገባው በላይ ነዳጅ ይሳባል። ስለዚህ በአሮጌ መኪና፣ በሞተር ሳይክልና በትናንሽ ጄኔሬተር ላይ ማጣሪያ ማጽዳት ወይም መቀየር በጥቂት በመቶ የሚለካ ቁጠባ ሊያስገኝ ይችላል። የጭሱ ጥቁረትና የካንዴላው ጥላሸት ነዳጁ መብዛቱን የሚጠቁሙ ምልክቶች ናቸው።

የናፍጣ ሞተር ከቤንዚኑ የሚለየው በምንድን ነው?

የናፍጣ ሞተር በመሠረቱ ጉልበቱን የሚቆጣጠረው በአየር ሳይሆን በነዳጅ መጠን ነው። በዘመናዊዎቹ ላይ ክዳን ቢገጠምም ዋና ሥራው ጭስን መልሶ ለማስገባት፣ የጭስ ማጣሪያን ለማጽዳትና ሞተርን ያለ መንቀጥቀጥ ለማጥፋት ማገዝ ነው። ሲሊንደሩ ሁልጊዜ ለቃጠሎው ከሚበቃው በላይ አየር ይዞ መሥራት አለበት፤ ናፍጣ ወደ ሲሊንደሩ ከተረጨ በኋላ ከአየሩ ጋር የሚደባለቅበት ጊዜ እጅግ አጭር ነውና። አየሩ ሲያንስ ነዳጁ በደንብ ሳይቃጠል ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል፣ የጭሱ ሙቀት ይጨምራል፣ ያው ጭነት ለመጎተትም ተጨማሪ ናፍጣ ይረጫል። በአጭሩ፣ የአየር ፍሰትና የነዳጅ ቁጠባ በእውነት የተያያዙት በናፍጣ ሞተር ላይ ነው፤ በተለይ በከባድ ተሽከርካሪዎችና በእርሻ ማሽኖች ላይ።

ቱርቦ ሲኖር ደግሞ ጉዳቱ ይደራረባል። ማጣሪያው ሲደፈን ቱርቦው ከሳሳ አየር ተነስቶ ያንኑ ግፊት ማድረስ ይጠበቅበታል፤ ይህንን ለማድረግ ጭሱን ይበልጥ ማነቅ ስላለበት ፒስተኖቹ ጭሱን ለማስወጣት ተጨማሪ ጉልበት ያወጣሉ። ከመጠን ያለፈ መምጠጥ የቱርቦውን ዘይት በማተሚያው በኩል ወደ አየር መንገዱ ሊስበውም ይችላል።

ለዚህ ነው በብዙ ከባድ የናፍጣ ሞተሮች የማጣሪያ ቤት ላይ የመታፈን ጠቋሚ የሚገጠመው። ጠቋሚው በማጣሪያው ምክንያት የሚፈጠረውን የግፊት መቀነስ ያሳያል፤ ለብዙ ቱርቦ ያላቸው ሞተሮች የመጨረሻው ወሰን 6 ኪሎ ፓስካል አካባቢ ነው፣ ትክክለኛው ቁጥር ግን ከአምራቹ መመሪያ ይወሰዳል። ማጣሪያውን አውጥቶ በዓይን አይቶ ከመፍረድ ጠቋሚውን ማመን ይሻላል፤ ላዩ የጠቆረ ማጣሪያ ገና ብዙ ሊያገለግል ይችላል፣ ንጹሕ የሚመስለውም የተደፈነ ሊሆን ይችላል።

ከቱርቦው በኋላ ያለው መንገድም ሊረሳ አይገባም። ከቱርቦ የተጨመቀውን አየር ወደሚያቀዘቅዘው ኢንተርኩለር፣ ከዚያም ወደ ማኒፎልድ የሚሄዱት የጎማ ቱቦዎች ከተሰነጠቁ ወይም ማሰሪያቸው ከላላ፣ ቱርቦው የጨመቀው አየር ወደ ውጭ ያመልጣል። ጉልበት ማነስ፣ ጥቁር ጭስና በፍጥነት ጊዜ የሚሰማ የፉጨት ድምፅ አብረው ከመጡ መጀመሪያ መታየት ያለባቸው እነዚህ ቱቦዎች ናቸው። የኢንተርኩለሩ ክንፎች በጭቃና በነፍሳት ከተሸፈኑም የተጨመቀው አየር ሳይቀዘቅዝ ስለሚገባ መጠኑ ያንሳል።

ማጣሪያን በአየር ግፊት ነፍቶ መልሶ መጠቀም ይቻላል?

ብዙ አምራቾች አይመክሩትም። የወረቀት ማጣሪያ በጣም ቀጫጭን በሆኑ ቃጫዎች የተሠራ ነው፤ ኃይለኛ የአየር ግፊት በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎችን ይከፍትበታል። ከማጣሪያ የሚያልፈው አቧራ ውስጥ ያለው ሲሊካ ጠንካራ በመሆኑ የፒስተን ፋሻንና የሲሊንደርን ግድግዳ ይፍቃል፤ ፋሻ ሲበላ ኮምፕሬሽን (የሲሊንደሩ የመጭመቅ አቅም) ይወርዳል፣ ዘይት መብላት ይጀምራል፣ ነዳጅ ማባከኑም ይከተላል። አቧራ በበዛበት ሥፍራ አማራጭ የጠፋ ጊዜ፣ በዝቅተኛ ግፊት ከውስጥ ወደ ውጭ ብቻ መንፋት ይቻላል፤ ይሁንና ይህ እስከሚቀየር ድረስ የሚደረግ ነገር እንጂ የጥገና ልማድ ሊሆን አይገባውም። ማጣሪያ ወዲያ ወዲህ እየወጣ ሲገባም ጠርዙ በትክክል ሳይገጥም ሊቀር እንደሚችል ማስታወስ ያስፈልጋል።

አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ፦ ጥቂት አቧራ የያዘ ማጣሪያ ፍጹም አዲስ ከሆነው የተሻለ ያጣራል፣ የተከማቸው አቧራ ራሱ ተጨማሪ ወንፊት ስለሚሆን። ከጊዜው በፊት መቀየርም እንግዲህ ጥቅም የለውም።

በዘይት የሚነከሩ ከፍተኛ ፍሰት ያላቸው ማጣሪያዎች ነዳጅ ይቆጥባሉ?

በቤንዚን መኪና የዕለት ተዕለት አነዳድ ላይ፣ ክዳኑ በሚያደርገው ማነቅ ምክንያት የሚታይ ቁጠባ አይጠበቅም። ጥቅማቸው ታጥበው በተደጋጋሚ መሥራታቸው ነው። ችግራቸው ደግሞ ከመጠን በላይ ዘይት ሲደረግባቸው ዘይቱ ተጎትቶ የአየር መለኪያ ሴንሰሩን ሽቦ ሊያበላሽ መቻሉ ነው። ቁጠባ ፈልጎ የገዛቸው ሰው በዚህ መንገድ ጭራሽ ወደ ባሰ ፍጆታ ሊገባ ይችላል።

ቀዝቃዛ አየር የሚያስገባ ቱቦ ማስገጠም ይጠቅማል?

ቀዝቃዛ አየር የታመቀ ነው፤ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲቀንስ የአየሩ ክብደት በይዘት ከ3 በመቶ በላይ ይጨምራል። ይህ ለጉልበት ጥሩ ነው፤ በናፍጣና በቱርቦ ሞተሮች ላይም ጥቅም አለው። ቱርቦ በሌለው የቤንዚን ሞተር ላይ ግን በመካከለኛ አነዳድ ጊዜ አየሩ በታመቀ ቁጥር ክዳኑ ይበልጥ መዘጋት አለበት፤ ስለዚህ የመሳብ ኪሳራው እንዲያውም በጥቂቱ ይጨምራል። ፋብሪካው የገጠመው የአየር መግቢያ በአብዛኛው ከፍርግርጉ ጀርባ ወይም ከጎማው መከለያ አካባቢ ቀዝቃዛ አየር የሚወስድ በመሆኑ፣ ብዙ ጊዜ የሚቀየርበት በቂ ምክንያት የለም። ማጣሪያውን ራቁቱን በሞተሩ ክፍል ውስጥ የሚያስቀምጡ ዕቃዎች ደግሞ ከራዲያተሩ የሚመጣ ሞቃት አየር ያስገባሉ።

አየሩን የሚያሽከረክሩ ክንፎች ነዳጅ ይቆጥባሉ ይባላል፤ እውነት ነው?

አይቆጥቡም። በአየር ቱቦ ውስጥ የሚገቡት እነዚህ የብረት ክንፎች የሚያመጡት ሽክርክሪት በክዳኑ፣ በማኒፎልዱ መታጠፊያዎችና በቫልቮቹ ሲያልፍ ይጠፋል፤ የሚቀረው እነሱ ራሳቸው የጨመሩት እንቅፋት ነው። ለቃጠሎ የሚጠቅመው ሽክርክሪት በሲሊንደሩ ውስጥ የሚፈጠረው ነው፤ እሱም የሚወሰነው ከሲሊንደሮቹ በላይ ባለው ቴስታታ ላይ ባሉት የአየር መግቢያዎች ቅርጽና በፒስተኑ አናት አቀራረጽ ነው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ነዳጅ ይቆጥባሉ የተባሉ ከ100 በላይ ዕቃዎችን የገመገመ ሲሆን፣ የነዳጅ ፍጆታን ጉልህ በሆነ መጠን የሚያሻሽል አላገኘም። እንዲህ ያለ ዕቃ ለመግዛት የተመደበ ገንዘብ ለጎማ ነፋስ መለኪያ ቢውል እጅግ የተሻለ ነው።

በአየር መንገዱ ላይ በእውነት ነዳጅ የሚያባክነው ምንድን ነው?

የመለካት ስህተት ነው። ዘመናዊ የቤንዚን ሞተር ሥራው ሁሉ የቆመው ኮምፒውተሩ የገባውን አየር በትክክል ማወቁ ላይ በመሆኑ፣ መለኪያው ሲሳሳት ነዳጁም፣ የካንዴላው እሳት የሚሰጥበት ሰዓትም፣ በአንዳንድ መኪናዎች የአውቶማቲክ ማርሽ አቀያየርም አብረው ይሳሳታሉ።

በብዙ መኪናዎች ላይ ከማጣሪያው ቀጥሎ የሚገኘው የአየር መለኪያ ሴንሰር በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ቀጭን ሽቦ ወይም ስስ ንጣፍ አለው፤ የሚያልፈው አየር ይህንን ሲያቀዘቅዘው ሙቀቱን ለመጠበቅ ከሚያስፈልገው ኤሌክትሪክ የአየሩ መጠን ይታወቃል። አቧራ ወይም ዘይት ሲለጠፍበት ብዙ ጊዜ ያነሰ አየር እንደገባ ይናገራል። በጭስ ማውጫው ላይ ያለው ኦክስጅን ሴንሰር ስህተቱን አይቶ ነዳጁን ያስተካክላል፤ ይሁንና ሞተሩ ሳይሞቅና ፔዳሉ እስከ መጨረሻው ሲረገጥ ይህ ማስተካከያ አይሠራም። ሴንሰሩ የሚጸዳው ለእሱ በተሠራ ፈሳሽ ብቻ ነው፤ ሽቦው በጣትም፣ በጨርቅም፣ በብሩሽም አይነካም።

ሁለተኛው ችግር ሳይለካ የሚገባ አየር ነው። ከሴንሰሩ በኋላ ያለ ቱቦ ሲሰነጠቅ፣ የማኒፎልድ ጋስኬት ሲያረጅ ወይም የሞተሩን የውስጥ ትነት የሚመልሰው ቫልቭ ክፍት ሆኖ ሲቀር፣ ኮምፒውተሩ የማያውቀው አየር ይገባል። ቆሞ ሲሠራ የሞተሩ ድምፅ ይዋዥቃል ወይም ዙሩ ይጨምራል። በመመርመሪያ መሣሪያ የነዳጅ ማስተካከያውን ቁጥር፣ ማለትም ኮምፒውተሩ በነዳጁ ላይ ያደረገውን ጭማሪ ወይም ቅናሽ በመቶኛ፣ ማየት ፍንጭ ይሰጣል፤ መኪናው ቆሞ ሞተሩ ሲሠራ ከ10 በመቶ በላይ ጭማሪ እያሳየ ዙሩ ከፍ ሲል ወደ ዜሮ የሚጠጋ ከሆነ ሾልኮ የሚገባ አየር ሊጠረጠር ይገባል፣ ጠቅላላው አየር በበዛ ጊዜ የሾለከው ድርሻ ያንሳልና። በተቃራኒው ዙሩ ከፍ ሲል ጭማሪው የሚብስ ከሆነ የቆሸሸው ሴንሰር ወይም የነዳጅ ፓምፑ ነው ሊታይ የሚገባው። የአየሩን መጠን በማኒፎልድ ግፊት በሚለኩ ሞተሮች ላይ ግን ይህ ፍንጭ በዚህ መልክ አይገኝም፤ ሾልኮ የገባው አየር ግፊቱን ስለሚጨምር ኮምፒውተሩ ነዳጅ ይሰጠዋል፣ ዋናው ምልክትም የዙር መጨመር ይሆናል።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ደግሞ ከኦክስጅን ሴንሰሩ በፊት የተሰነጠቀ የጭስ ማውጫ ነው። በስንጥቁ የሚሳበው የውጭ አየር ሴንሰሩን ያታልለዋል፤ ኮምፒውተሩም ነዳጅ ያነሰ መስሎት ያለ ምክንያት ይጨምራል። ከዚህ ሁሉ የተነሳ፣ ነዳጅ መብላት የጀመረ የቤንዚን መኪና ያለው ሰው አዲስ ዕቃ ከመግዛቱ በፊት በሠለጠነ መካኒክ የአየር መንገዱን መታተምና የሴንሰሮቹን ንባብ ቢያስመረምር ከማንኛውም ሰፊ ቱቦ የበለጠ ይጠቀማል ብለን በጽኑ እናምናለን።

ትሮትሉን ማጽዳትስ?

ጥላሸት የያዘ ክዳን ሞተሩ ቆሞ ሲሠራ እንዲዋዥቅ ያደርጋል፤ ሲጸዳ ይህ ይስተካከላል። የነዳጅ ልዩነቱ አነስተኛ ነው። በኤሌክትሪክ የሚንቀሳቀስ ክዳን በኃይል በእጅ መገፋት የለበትም፤ ከጽዳት በኋላም ብዙ መኪናዎች የክዳኑ መነሻ ቦታ በመመርመሪያ መሣሪያ እንደገና እንዲመዘገብ ይፈልጋሉ።

በቫልቭ ላይ የሚከማች ካርቦን የአየር ፍሰትን ይጎዳል?

ይጎዳል፤ በተለይ ቤንዚን በቀጥታ ወደ ሲሊንደር በሚረጭባቸው ሞተሮች ላይ። በቀድሞው አሠራር ቤንዚኑ የሚረጨው በቫልቩ ጀርባ ላይ ስለነበር ያጥበው ነበር፤ አሁን ግን ቫልቩን የሚያገኘው አየርና የዘይት ትነት ብቻ ስለሆነ ጥቁር ቅርፊት ይጋገርበታል። ቅርፊቱ ሲወፍር የአየሩ አገባብ በየሲሊንደሩ ይለያያል፤ ሞተሩ በጠዋት ይንገጫገጫል፣ ጉልበቱም ይቀንሳል። በነዳጅ ላይ የሚጨመሩ ማጽጃዎች ቫልቩ ጋ ስለማይደርሱ ለዚህ አይረዱም፤ አስተማማኙ ዘዴ ማኒፎልዱን ፈትቶ በተፈጨ የዋልነት ቅርፊት በአየር ግፊት ማጽዳት ነው።

በከፍታ ቦታ ላይ አየሩ ሲሳሳ ነዳጅ ይባክናል?

ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ላይ የአየሩ እምቅነት በ18 በመቶ ገደማ ያነሰ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በዚያው ልክ ጉልበት ያጣል። ኢንጀክሽን ያለው የቤንዚን መኪና ግን በዚህ ብቻ ነዳጅ አያባክንም፤ ለተመሳሳይ ጉዞ ክዳኑ ይበልጥ ስለሚከፈት የመሳብ ኪሳራው ይቀንሳል፣ የነፋስ መቋቋሙም እንዲሁ። የሚጎዳው ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ካርቡሬተር ነው፤ አየሩ ሲሳሳ የነዳጁ ድርሻ ስለሚበዛ በአነስተኛ ጄት (የነዳጅ ማሳለፊያ ቀዳዳ) መስተካከል አለበት።

መሐንዲሶች በአየር አገባብ በኩል ነዳጅ የቆጠቡት እንዴት ነው?

ኪሳራውን ከምንጩ፣ ማለትም ከክዳኑ በማጥቃት ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 የቀረበው ቶዮታ ፕሪየስ የመግቢያ ቫልቩን አዘግይቶ የሚዘጋ ሞተር ነበረው፤ የገባው አየር በከፊል ወደ ማኒፎልዱ ስለሚመለስ ክዳኑን ያን ያህል ማጥበብ ሳያስፈልግ ጉልበቱ ይገደባል፣ ጋዙም ከተጨመቀበት ርቀት በላይ ተዘርግቶ ሥራ ይሠራል። ቢ.ኤም.ደብሊው እ.ኤ.አ. በ2001 ያቀረበው ቫልቭትሮኒክ ደግሞ የቫልቩን የመከፈት መጠን ራሱን በመለዋወጥ የክዳኑን ሥራ ለቫልቮቹ ሰጥቷል። የቀዘቀዘ ጭስን መልሶ ማስገባትና በቀላል ጭነት ጊዜ ከሲሊንደሮቹ ግማሹን ማሳረፍም ዓላማቸው ተመሳሳይ ነው። እነዚህ ሁሉ በሞተሩ ንድፍ ውስጥ የተሠሩ ናቸው፤ ከውጭ በሚገጠም ቱቦ ሊተኩ አይችሉም።

አንድ ለውጥ ነዳጅ መቆጠቡን እንዴት ማረጋገጥ ይቻላል?

ታንኩን በአንድ ማደያ፣ በዚያው ፓምፕ፣ መቅጃው በራሱ እስከሚዘጋ ድረስ መሙላት፤ የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን መመዝገብ፤ ቀጥሎ ሲሞላ የተቀዳውን ሊትር በተጓዘው ኪሎ ሜትር አካፍሎ በ100 ማባዛት ነው። የሚገኘው ቁጥር በ100 ኪሎ ሜትር የፈጀውን ሊትር ያሳያል። ዳሽቦርዱ ላይ የሚታየው ቁጥር በስሌት የተገመተ በመሆኑ ከዚህ ሊለይ ይችላል። አንድ ታንክ ለፍርድ አይበቃም፤ የጎማ ነፋስ፣ ጭነት፣ የትራፊክ መጨናነቅና የአየር ሙቀት ብቻቸውን ፍጆታውን በብዙ በመቶ ስለሚያወዛውዙት፣ ከለውጡ በፊትም በኋላም በተመሳሳይ መንገድ የተወሰዱ በርካታ ታንኮች መመዝገብ አለባቸው። ሌላው ጥንቃቄ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መቀየር ነው፤ ማጣሪያ፣ ካንዴላና ዘይት በአንድ ቀን የቀየረ ሰው የትኛው እንደጠቀመው ሊያውቅ አይችልም። ከለውጡ በኋላ የታየው ልዩነት ከለውጡ በፊት በታንክና በታንክ መካከል ከነበረው ልዩነት ካልበለጠ፣ ዕቃው ለውጥ እንዳላመጣ መቁጠር ይገባል።